አንድ ቁልፍና ሦስት ጥያቄ

እግሬ የከዳኝ ኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከወናጎ በላይ ባለችው ማሳችን ውስጥ ነው። ቡና ለቀማ ላይ ነበርን። ልጆቹ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ቀድመውኛል፤ እኔ በእንሰቱ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ስወጣ ግራ እግሬ እንቅፋት እንደያዘው ተጎተተ። ዞሬ ባይ ድንጋይም ሥርም የለም። ሁለተኛው እርምጃ ላይም ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ቀኙም ተከተለና ቁጭ አልኩ። ደክሞኝ አይደለም ቁጭ ያልኩት፤ እግሮቼ ሳያማክሩኝ ነው ያስቀመጡኝ።

ጌዴኦን የሚያውቅ ሰው መሬታችን እንዴት እንደቆመ ያውቃል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይኸንኑ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከመሃል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው። ለጎብኚ ዓይን ያምራል። እኔ ግን ያን ቀን ቁልቁለቱን የወረድኩት በቂጤ እየተንሸራተትኩ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ሕመሙ ግን ያን ቀን አልጀመረም። ከዚያ በፊት አምስት ወር ያህል በትከሻዬና በትከሻዬ መካከል አንድ ቦታ ይወጋኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደረቴን ዙሪያውን በጠባብ ቀበቶ እንደታሰረ ያጠብቀኛል። እኔ ጨጓራ ነው ብዬ ደምድሜ ኦሜፕራዞል በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ከአከርካሪ አጥንት መሃል የሚወጣ ነርቭ ሲጫኑት ሕመሙ ደረትን ዞሮ ወደ ፊት እንደሚመጣ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። በራሴ ደረት ላይ ሲሆን ጨጓራ ሆነ።

አሁን ስለ ቀኖቹ ልናገር፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያለው ቀኖቹ ውስጥ ነውና።

ሰኞ የእናቴ ወንድም መጣ። አጎቴ በአካባቢው የታወቀ ወጌሻ ነው፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ እጁን ያየ ሰው ያደንቀዋል፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ጀርባዬን በቅቤ አሸኝ፣ ወገቤን ጎተተ፣ ጉልበቴን አጥፎ ዘረጋ። ማክሰኞም ደገመ። «ብርድ ነው የመታህ» አለኝ። ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለ፤ አንዱ «ግፊት ነው፣ ሎሚ ይጠጣ» አለ። ረቡዕ በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰድኩ። የተቀበለኝ ሰው በተቀመጥኩበት አየኝና «ነርቭ ነው» ብሎ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን ቀይ የቫይታሚን መርፌ ወጋኝ፤ ለአምስት ቀን እንድመላለስም አዘዘኝ። ነርቭ ነው ማለቱ ስሕተት አልነበረም። ችግሩ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቦ እግሬን አለማየቱ ነው፤ ልነሣ ስሞክርም አላየኝም፤ ደጋፊዎቼ ተሸክመው ስላስገቡኝ ተሸክመው አወጡኝ።

ሐሙስና ዓርብ ቤት ተኛሁ። የጸሎት ቤታችን ሰዎች መጡ፤ ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ቆጮና ጎመን በልተው ሄዱ። ይኸን በክፉ አላነሣም፤ በነዚያ ሁለት ቀናት ያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን በነዚያው ሁለት ቀናት ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ሽንቴ አልወጣ እያለ ነበር። ሐሙስ ቆሜ ብዙ ጠብቄ ጥቂት መጣ፤ የቆምኩትም ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው። ዓርብ ጠብ ጠብ ብቻ። ቅዳሜ ከእምብርቴ በታች እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ፍራሹም በራሱ ጊዜ ራሰ። ለባለቤቴ ውሃ ደፋሁ አልኳት። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የክፍል ኃላፊ፣ ልጆች ያሳደገ አባት፣ ሚስቱን ስለ ሽንት ይዋሻል። አሁን ሳስበው ከሁሉ ያስከፈለኝ ይህ ውሸት ነው።

እሑድ፣ በሳምንቱ፣ ስምንት ሰዎች በቃሬዛ አንሥተው ወደ ዋናው መንገድ ይዘውኝ ወረዱ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ጥግ ይይዝልናል። አንዲት ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ «ወላድ ናት? እግዚአብሔር ያውጣት» አለች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ቲቸር ነው» ሲላት ጀሪካኗን አነሣች። ይህቺን ሴት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጤና ጣቢያው ተረኛው ብቻ ነበር። ሪፈር ጻፈልኝ። አምቡላንሷ ወላድ ይዛ ሄዳ ስለነበር በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው ዲላ አስገቡኝ። መንገዱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የአዲስ አበባ–ሞያሌ አስፋልት ላይ በሩብ ሰዓት የሚደረስበትን ቦታ እኔ በስምንተኛው ቀን ደረስኩበት።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ሲስተር መጣች። አየችኝና «ቲቸር!» አለች። አሥረኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ፤ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሳ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ።

«ሁለቱም እግር ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

«የማይሰማዎት ከየት ይጀምራል?» ብላ በጥጥ ከጭኔ ተነሥታ ወደ ላይ እየዳሰሰች ወጣች። ከጡቴ በታች ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ጥጡ ጥጥ ሆነ፤ ከዚያ በታች ምንም አልነበረም። መስመር ያሰመሩበት ያህል ነው።

«ሽንት ይወጣል?»

ዝም አልኩ። ባለቤቴን አየኋት። ሲስተሯ መልስ አልጠበቀችም፤ ሆዴን በእጇ ጫን ስታደርገው ገባት። ከዚያ ካልሲዬን አወለቀችና ከጋዎኗ ኪስ ቁልፍ አወጣች፤ የቤቷ ቁልፍ ነው፣ ቀይ ክር የታሰረበት። በቁልፉ ጭራ ከተረከዜ ጀምራ በውስጥ እግሬ ጠርዝ ወደ ጣቶቼ ጫረችኝ። አውራ ጣቴ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። የቀሩት ጣቶች እንደ ማራገቢያ ተዘረጉ። እኔ አላዘዝኳቸውም። ወደ ሐኪሙ እየሮጠች ሄደች፤ ስትሮጥ ሳይ ነው የፈራሁት።

ይህን ምልክት ባቢንስኪ የሚባል የፓሪስ ሐኪም በፈረንጆች 1896 ገልጾታል። የጤነኛ አዋቂ ሰው አውራ ጣት ውስጥ እግሩ ሲጫር ወደ ታች ይታጠፋል። ወደ ላይ ከተነሣ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው መስመር አንድ ቦታ ታፍኗል ማለት ነው። በሕፃናት ላይ ወደ ላይ መነሣቱ ጤና ነው፤ መስመሩ ገና አልበሰለምና። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ወረፋ የለውም። ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ከሰኞ እስከ እሑድ በእጁ ጀርባዬን የነካ፣ መርፌ የወጋኝ፣ የጸለየልኝ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ነበረው።

ካቴተር ሲያስገቡልኝ ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ፤ ለእኛ አገር ፍጥነት ማለቴ ነው። ሰኞ ሀዋሳ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር፣ ለኤምአርአይ። አፖስቶ ላይ ሹፌሩ አናናስ ሊገዛ ቆመና ባለቤቴ ያልሰማሁትን ቃል ተናገረችው። የኤምአርአዩ ክፍያ የአንድ ወር ደመወዜን በላ፤ የትምህርት ቤቱ ባልደረቦቼና እድራችን ባያዋጡ እዚያው እቀር ነበር። ማክሰኞ ውጤት። ረቡዕ አዲስ አበባ። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ። እግሬ በከዳኝ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለት ነው።

ፊልሙን ያሳየኝ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወጣት ነው፤ ዕድሜው ከመጀመሪያ ተማሪዎቼ ያንሳል። በደረቴ አከርካሪ ውስጥ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ላይ የተደገፉ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሳየኝ። አንድ አይደሉም፤ ትልልቅና ትንንሽ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግቶ እንዳፈራ ቡና። ኅብለ ሰረሰሩ እዚያ ቦታ የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የለውም፤ የተቀመጠበትም ቦይ በደረት አካባቢ ጠባብ ነው። ከረጢቱ ለዓመታት ቀስ ብሎ ሲያድግ ነርቩ ይታገሣል፣ ይሸሻል። የሚሸሽበት ቦታ ሲያልቅ ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል። ድንገተኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

«እኛ አገር አከርካሪ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቲቢ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ይኼ ግን የውሻ ትል ይመስላል።»

የውሻ ትል! የኮሶን የሕይወት ዑደት በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ በክብ ስሥል፣ ይህንንም ትንሹን ዘመዱን ጎኑ ላይ እሥለው ነበር። ትሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋር ወጥቶ ሣር ላይ፣ ጎመን ላይ፣ ውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በግ ወይም ከብት ሲግጠው በጉበቱና በሳንባው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ሰው እንስሳውን ያርዳል፣ የቋጠረውን ጉበት ቆርጦ ለውሻው ይወረውራል፣ ዑደቱም ይዘጋል። ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ ቦታ የለውም፤ በስሕተት ነው የሚገባው። በገባ ጊዜም ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባ ላይ ያርፋል። አጥንት ላይ የሚያርፈው ከመቶ ጥቂቱ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አከርካሪን ይመርጣል። በደቡብ ኦሞ በዳሰነችና በሐመር፣ ድንበር ተሻግሮ በቱርካና አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው ከቆየ ጀምሮ የታወቀ ነው። የቄራ የሥጋ ተቆጣጣሪዎችም በየቀኑ ከሚያስወግዱት ጉበትና ሳንባ ብዙው በዚሁ ሰበብ የሚጣል መሆኑን ይነግሩአችኋል። እኔ መቼ እንደያዘኝ የሚያውቅ የለም። በልጅነቴ ከብት ከሚያረቡ የጉጂ ዘመዶቻችን ጋር ክረምት እከርም ነበር፤ የምተኛውም ውሻው አጠገብ ነበር፣ ይሞቃልና። ሊሆን ይችላል። የመስቀል በግ ሲታረድ ለውሻችን ሳንባውን የምወረውረው እኔ ነበርኩ፤ ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በኋላ እንዳስረዳኝ ከአከርካሪው ጀርባ ያለውን የአጥንት ጣራ ይከፍታሉ፣ ከረጢቶቹን ሳይፈነዱ አንድ በአንድ ያወጣሉ። ከፈነዱ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሰውነትን በድንገት ሊያስቆጣ ይችላል፤ የትሉም ዘር ይበተናል። ቦታውን በጠንካራ ጨው ውሃ ያጥባሉ። ከዚያ በኋላ ለወራት አልቤንዳዞል አለ፤ ያው በትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው የሆድ ትል መድኃኒት፣ በብዙ እጥፍ። በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ ተመላሽ ስለሆነ አሁንም በየጊዜው ምርመራ አለብኝ።

በአራተኛው ቀን የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። በዚህ ጊዜ አዝዤው ነው። ካቴተሩ ከስድስት ሳምንት በኋላ ወጣ። በክራንች ሚያዝያ ላይ ወናጎ ገባሁ። ዛሬ በከዘራ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፤ ግራ እግሬ ግን ይጎተታል፣ ሽንትም ሲመጣ ጊዜ አይሰጠኝም። ማሳዬ ላይ መውጣት አልቻልኩም። ቡናዬን ከታች ሆኜ አየዋለሁ።

ሐኪሙን አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ «በሁለተኛው ቀን መጥቼ ቢሆንስ?» ካርዴን ገለጠ፣ ዘጋ፣ «ሲመጡ እየተራመዱ የነበሩት በብዛት እየተራመዱ ይወጣሉ» አለኝ። ስለ እኔ ምንም አላለም።

እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ስለ ሕክምናችን ስናወራ ሁልጊዜ የምንለው «ባለሙያ የለም፣ መሣሪያ የለም» ነው። እውነትነት አለው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር ሆኖ በፈረንጆች 2006 የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሙያው ሰዎች በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። የዚያ የአምስት ዓመት ሥልጠና ፍሬዎች ዛሬ በክልል ከተሞችም ይሠራሉ። ይበቃሉ አልልም። ነገር ግን የእኔን አሥራ ሁለት ቀናት ቁጠሩ፤ ሐኪም በመጥፋቱ ያለፈው ስንቱ ነው? ከዲላ እስከ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አራት ቀን። ከቤቴ እስከ ዲላ ስምንት። ትልቁ ክፍተት ያለው ኤምአርአይ በሌለበት አይደለም፤ ጥያቄ በሌለበት ነው።

ያቺ ጀሪካን የያዘች ሴት ትዝ ትለኛለች። ቃሬዛ ስታይ ወላድ ናት ብላ ጥግ ያዘች። እንዲህ እንድታስብ ማን አስተማራት? ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። ምጥ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር እንዳልሆነ፣ በሰዓት የሚቆጠር እንደሆነ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ቡና እየጠጡ፣ አማቶችን እየተከራከሩ አስገቡን። በእናቴ ዘመን ምጥ የእመቤታችንና የአዋላጇ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ወንዶች ሥራቸውን ጥለው ይሸከማሉ፣ ሹፌር ያለ ክፍያ ይቆማል። ሕዝብ እንዲህ መማር ይችላል ማለት ነው። እግሩ በድንገት የከዳው ሰውም በሰዓት የሚቆጠር መሆኑን ይህ ሕዝብ መማር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ አዲስ ሸክም ነው የሚሉኝ አሉ፤ ፎልደራቸው እንደሞላ አውቃለሁ፣ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ግን ሦስት ጥያቄ ናት። አንድ ገጽ አይሞላም።

አንድ ባልደረባዬ ሌላ ነገር አነሣብኝ፤ «ወገቡን ያመመው ሁሉ ዲላን ቢያጥለቀልቀውስ?» ወገብ ያላመመው ገበሬ ጌዴኦ ውስጥ አለ እንዴ? እኔ ስለ ወገብ ሕመም አላወራሁም። ወገቡን አሞት የሚራመድ፣ ሽንቱ የሚወጣ ሰው ቅቤም ይታሽ፣ ይረፍም። ሁለት እግሩ የደከመ፣ ከአንድ መስመር በታች የማይሰማው፣ ሽንቱ የያዘው ግን በዚያው ዕለት መንገድ ላይ መሆን አለበት። ጀርባው መጎተት የለበትም፤ መርፌ እየተወጋ አምስት ቀን መመላለስ የለበትም።

በፈረንጆች 1864 አይስላንድ ውስጥ፣ ያኔ በዚህ የውሻ ትል ከዓለም ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች አንዷ በነበረችበት ጊዜ፣ ክራበ የተባለ የዴንማርክ የእንስሳት ሐኪም አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። በነጻ ለየቤቱ ታደለች፤ ውሻ የታረደ እንስሳ የሆድ ዕቃ እንዳይበላ፣ ይቀበር ወይም ይቃጠል የምትል ናት። በኋላ ሕግ ተከተለ። በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ኤምአርአይ የተፈጠረው ከዚያ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

አጎቴን አልተቀየምኩትም። እሱ ግን ራሱን ተቀይሞ ነበር፤ አዲስ አበባ ሳለሁ ስልክ አላነሣም አለ። ከተመለስኩ በኋላ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ በተቀመጡበት አንድ ቀን ጠርቼው፣ ካልሲዬን አውልቄ በቁልፍ ጫርኩለትና አሳየሁት። ከዚያ የራሱን እግር ጫርን፤ የእሱ ጣት ወደ ታች ታጠፈ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጫማቸውን አወለቁ። ለካ ወጌሻ እንዲተው ሳይሆን እንዲለይ ቢነገረው ደስ ይለዋል። ባለፈው ጥር ከቡሌ በኩል የመጣች አንዲት ሴት እግሬ ዛለ ስትለው ቅቤውን አስቀምጦ ቁልፉን አነሣ፤ በዚያው ቀን ዲላ ላካት። የእሷ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቢላ አልነካትም። ነጻ የሆነውን መድኃኒት ጀምራለች፣ አንድ ዓመት ትወስዳለች፤ ገበያ በእግሯ ትመጣለች። አጎቴ ይህን ሲተርክ ስለ እኔ አያነሣም፤ እኔም አላስታውሰውም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የጌዴኦ ሰዎች፣ የሲዳማም የጉጂም ጎረቤቶቻችን፤ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እግሩ ሰሞኑን የከዳው ሰው ተኝቶ እንደሆነ ጋዜጣውን አስቀምጡና ሂዱ። አባታችሁም ቢሆን፣ ቢያፍርም፣ ሽንት ወጥቶለት እንደሆነ ጠይቁት። ውሃ ደፋሁ ካላችሁ አትመኑት።